በላተኛ ስፒከርና አቅሙ ያልደረሰ አምፕሊፋየር
በንባብና ሙዚቃ ክፍላችን ጉዳይ ለነዋሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ሦስታችንን መርጣችሁ ሁለት ነገር እንድናጣራ አዛችሁን ነበር። አንደኛው የንባብ ክፍላችን ስቴሪዮ በምን ምክንያት እንደተቃጠለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ምን ዓይነት አምፕሊፋየር ቢገዛ እንደሚበጅ ነው። እነሆ ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። በዚያ ስብሰባ ላይ ያልነበራችሁ ስላላችሁ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረዋለን።

ከብዙ ዓመት የአሜሪካ ኑሮ በኋላ የተመለሱ አንድ ጎረቤታችን ሁለት የቤት ስፒከሮችን ለማኅበሩ በስጦታ ማበርከታቸውን ታውቃላችሁ። ሣጥኖቹ መጠናቸው መለስተኛ ነው፤ ለማንሳት ግን ወገብ ይፈትናሉ። አምፕሊፋየሩን እኛው ፈላልገን አገናኘነው። በየቻናሉ 20 ዋት የሚሰጥ አሮጌ ዕቃ ነበር። ቀስ ብሎ ሲከፈት ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ባሱም ደኅና ነበረ። በፋሲካ ማታ ግን ወጣቶቹ ተሰብስበው ሲጨፍሩ «አይሰማም፣ ጨምረው» ተባለ፤ ተጨመረ። ድምፁ ሻከረ፤ አሁንም ተጨመረ። ከዚያ በኋላ የቀጭኑ ድምፅ ጠፍቶ ከአንዱ ስፒከር ጉምጉምታ ብቻ ቀረ። በነጋታው ሲፈታ የቀጭን ድምፅ ማውጫው፣ ማለትም ትዊተሩ፣ ሽቦው ተቃጥሎ ተገኘ።

ያን ጊዜ ምን አደረግን? የክፍሉን ቁልፍ ከወጣቶቹ ቀማን፤ የማሠሪያውንም ገንዘብ እነርሱ ያዋጡ ብለን ወሰንን። ዛሬ መጀመሪያ ልንናገር የምንፈልገው ይህ ፍርድ ትክክል እንዳልነበረ ነው። ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሆኖብናል። ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን ሳያመዛዝን ያጋባ እኛ ነን። ለምን እንዲህ እንደምንል ቀጥሎ እናስረዳለን። ጉዳዩ የማኅበሩ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ ስቴሪዮ ስላላችሁ ለራሳችሁም ይጠቅማችኋል ብለን እናምናለን።

ሀ) ስፒከር በላተኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ስፒከር ከአምፕሊፋየር የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ሲለውጥ ግን እጅግ አባካኝ ነው። አብዛኛውን በሽቦው ጥቅል ላይ ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል። ምን ያህል እንደሚያባክን የሚነግረን ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ይኸውም ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ይገልጻል። 92 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር ከሚሰጠው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው 1 ከመቶ ያህሉን ነው። 82 ዴሲቤል የሚያወጣው ደግሞ ከሺህ አንዱን ብቻ ነው! 100 ዋት ቢያጎርሱት 99.9ኙ ሣጥኑን ያሞቃል ማለት ነው። በአዳራሽና በሲኒማ ቤት የሚሠራባቸው ባለ ቀንድ ስፒከሮች ግን 100 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይሰጣሉ።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ እንዲህ ያለ በላተኛ ዕቃ ለምን ይሠራሉ? ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ፣ ኤድጋር ቪልቹርና ሄንሪ ክሎስ አኩስቲክ ሪሰርች የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ኤ.አር.1 የተባለውን ስፒከር አወጡ። ከዚያ በፊት ወፍራም ድምፅ የሚፈልግ ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ሳሎኑ ውስጥ ማቆም ነበረበት። ቪልቹር ሣጥኑን አሳንሶ አየር እንዳያስገባ ጥርቅም አድርጎ ዘጋውና ውስጡ የታፈነውን አየር እንደ ሞላ ተጠቀመበት። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሣጥን ጥልቅ ባስ ማውጣት ቻለ። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ተከፈለ፤ ስፒከሩ ብዙ ዋት የሚፈልግ ሆነ።

ይህን ነገር በሕግ መልክ ያስቀመጠው የታዋቂው ፒያኖ ተጫዋች የዮሴፍ ሆፍማን ልጅ አንቶን ሆፍማን ነው። እርሱም ከክሎስና ከማልኮም ሎው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1957 ኬ.ኤል.ኤች. የተባለውን ኩባንያ ካቋቋሙት አንዱ ነበር። ሕጉ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ባስ፣ ኃይል ቆጣቢነት፤ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ፣ ሦስተኛውን ተወው። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሕግ የጣሰ ፋብሪካ የለም። ቢ.ቢ.ሲ. በ1970ዎቹ ዓመታት ለቀረፃ መኪናዎቹ ያሠራው ኤል.ኤስ.3/5ኤ የተባለው ትንሽ ስፒከር በድምፁ ጥራት ስሙ እስከ አሁን ይነሳል፤ ሴንሲቲቪቲው ግን 83 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በላተኛ ስፒከር ማለት መጥፎ ስፒከር ማለት አይደለም። ቀለብ የሚፈልግ ስፒከር ማለት ነው።

የእኛዎቹም ከዚሁ ዘር ናቸው። በጀርባቸው ላይ 85 ዴሲቤል በ2.83 ቮልት፣ 4 ኦም የሚል ተጽፏል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኛም ተሳስተናል። 2.83 ቮልት 1 ዋት የሚሆነው በ8 ኦም ስፒከር ላይ ነው። በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለሆነም የእኛ ስፒከሮች በ1 ዋት ሲለኩ 85 ሳይሆኑ 82 ናቸው።

ለ) ሒሳቡ

አሁን ትንሽ ሒሳብ ውስጥ እንግባ፤ አትሰልቹብን። መያዝ ያለብን ሁለት ነገር ብቻ ነው። ድምፁን በ3 ዴሲቤል ለማሳደግ ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። በ10 ዴሲቤል ለማሳደግ አሥር እጥፍ ያስፈልጋል። ጆሯችን ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው። ስለዚህ ባለ 50 ዋቱን ሸጦ ባለ 100 ዋት የሚገዛ ሰው የሚያገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ ልብ ብሎ ካላዳመጠ ልዩነቱ ብዙም አይሰማውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ለውጥ የፈለገ ቢያንስ አራት እጥፍ ይሂድ፤ አለዚያ ገንዘቡን ይያዝ።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። አድማጩ ከስፒከሮቹ 3 ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል። ርቀቱ ድምፁን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ስፒከርና የግድግዳው ማስተጋባት ደግሞ መልሶ ይጨምራል። ተቀናንሶ በወንበሩ ላይ የሚደርሰው አንዱ ስፒከር በ1 ሜትር ላይ ከሚሰጠው 5 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ነው ብለን ገመትን። በ20 ዋት የእኛ ስፒከር በ1 ሜትር 95 ይሰጣል፤ በወንበሩ ላይ 90 ይሆናል ማለት ነው።

«90 መቼ አነሰ?» ትሉ ይሆናል። ያነሰው በአማካዩ ሳይሆን በጫፉ ነው። ሙዚቃ ወጣ ገባ አለው። ማሲንቆው በለሆሳስ እያዜመ ድንገት ከበሮው «ድም!» ሲል ያች ቅጽበት ከአማካዩ በ15 እስከ 20 ዴሲቤል ከፍ ልትል ትችላለች። አማካዩን 80 ዴሲቤል አድርገን፣ ማለትም ደመቅ አድርገን ማዳመጥ ከፈለግን፣ የከበሮው ምት በወንበሩ ላይ ከ95 እስከ 100 ይደርሳል። ስፒከሩ በ1 ሜትር ላይ ከ100 እስከ 105 መስጠት አለበት ማለት ነው። ከ82 ተነስተን ስናሰላው በየቻናሉ ከ63 እስከ 200 ዋት ይጠይቃል። 92 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ቢኖረን ኖሮ ለዚያው ድምፅ የሚበቃው ከ6 እስከ 20 ዋት ነበር። ይህ አምፕሊፋየራችን በአንድ ሌላ ስፒከር ላይ ጌታ፣ በእኛው ላይ ግን ምስኪን የሆነበት ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ቀስ ብሎ፣ አማካዩን 70 አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው ሒሳቡ በአሥር ይካፈላል፤ ከ6 እስከ 20 ዋት ይበቃዋል። እንግዲህ በየቤታችሁ አምፕሊፋየር ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን የምትጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዋት?» አይደለም። «ስፒከሬ ስንት ዴሲቤል ነው? እኔስ ምን ያህል ከፍቼ ነው የምሰማው?» ነው።

ሐ) ትዊተሩን ያቃጠለው ማን ነው?

ብዙ ሰው ስፒከር የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ሲበረታ ነው ይላል። እሱም ይሆናል። ነገር ግን ደካማውም ያቃጥላል፤ የእኛም ጉዳይ ይኸው ነው።

አምፕሊፋየር ጣሪያ አለው። ጣሪያው ላይ ሲደርስ የድምፁ ማዕበል ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጫፉ ከዚያ በላይ ማደግ አይችልም፤ ቁልፉን በጨመርን ቁጥር ግን ከጫፉ በታች ያለው ሁሉ እያደገ ይሄዳል። ቀድሞ ዝግ ብሎ የነበረው ቀጭን ድምፅም አብሮ ያድጋል። በዚህ ላይ የተቆረጠው ጫፍ ራሱ አዲስ የሻከረ ቀጭን ድምፅ ይወልዳል፤ ያ ሁሉ ወደ ትዊተሩ ይሄዳል። የትዊተር ሽቦ ፀጉር የሚያህል ነው፤ ጥቂት ዋት እንጂ ብዙ አይችልም። 20 ዋት የተጻፈበት አምፕሊፋየር ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ እስከ 40 ዋት ሊያወጣ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

በአንጻሩ ባለ 200 ዋቱ አምፕሊፋየር ከጫፍ ጫፍ የሚደርሰው ለቅጽበት ነው። ጫፉ ከአማካዩ በ15 ዴሲቤል ከበለጠ አማካዩ 6 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ስፒከሩ አይሞቅም፤ ድምፁም አይሻክርም። ቢሆንም ይህ ፈቃድ አይደለም። ትልቁንም አምፕሊፋየር ያለ ልክ የከፈተ ሰው ስፒከሩን ማቃጠሉ አይቀርም፤ ያውም በፍጥነት። በሁለቱም በኩል ማስጠንቀቂያው አንድ ነው። ድምፁ ሲሻክር፣ ሲጨናነቅ፣ ዘፋኙ የሚጮህ ሲመስል፣ ቶሎ መቀነስ ነው።

ወጣቶቻችን ይህን ማን ነገራቸው? ማንም! ቁልፉ ግማሽ ላይ ስለነበረ «ገና ግማሽ ነው» ብለው አሰቡ። የቁልፉ ቦታ ግን የዋት መለኪያ አይደለም። የሚገባው ድምፅ ጠንካራ ከሆነ አምፕሊፋየሩ በግማሽ ላይም ጣሪያውን ሊመታ ይችላል። ይህንንም ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነበር።

መ) ሲገዛ ምን ይታያል?

አንደኛ፣ የዋቱ ዓይነት። ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። እኛም በዚህ ጥናት ስንዞር አንድ ሱቅ ውስጥ በአንድ እጅ የሚነሳ ዕቃ ላይ «1000 ዋት» የሚል አይተናል። ከጀርባው ግን ከመስመር የሚወስደው 60 ዋት ነው ይላል። ከሚበላው በላይ ያለማቋረጥ የሚያወጣ መሣሪያ አልተፈጠረም! ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚል ከተጻፈበት ቁጥሩን ለሻጩ ተዉለት። የሚያስፈልገው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ነው፤ ሁለቱም ቻናሎች አብረው እየሠሩ፣ በስንት ኦም፣ በምን ያህል የድምፅ መዛባት እንደተለካ መገለጽ አለበት። በአሜሪካ የዋት ማጋነን በመብዛቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤት አምፕሊፋየር አለካክ ደንብ እስከማውጣት ደርሷል።

ሁለተኛ፣ የኦሙ ነገር። ባለ 4 ኦም ስፒከር ከባለ 8 ኦሙ እጥፍ ከረንት ይስባል። 100 ዋት በ8 ኦም ላይ 3.5 አምፔር ገደማ ነው፤ በዚያው ቮልት 4 ኦም ቢገናኝ 7 አምፔር ይሆናል። ጠንካራ አምፕሊፋየር በ8 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ ከሆነ በ4 ኦም 150፣ 180፣ እንዲያውም 200 ይሰጣል። በ4 ኦም ላይ ምንም ያልተጻፈለት፣ ወይም «ከ8 ኦም በታች አታገናኙ» የተባለለት፣ ለእኛ አይሆንም። ሁለት ጥንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር በአንድ ጊዜ ማገናኘት ደግሞ 2 ኦም ያደርገዋል፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ክብደት። በድሮው አሠራር የተሠራ አምፕሊፋየር ትልቅ ትራንስፎርመርና ወፋፍራም የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ስላለው ይከብዳል፤ ቀላል ከሆነ ጠርጥሩ። ክላስ ዲ የሚባሉት ግን ብዙ ኃይል ስለማያባክኑ ቀላል ሆነውም ብርቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእነርሱ ሚዛን ሳይሆን የመመሪያው ወረቀት ነው የሚታየው።

አራተኛ፣ የመብራቱ ነገር። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት፣ ለ60 ሄርትዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። ከጀርባው የቮልት መምረጫ ካለው ሶኬት ውስጥ ከመሰካቱ በፊት 220 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ከሌለው አምፕሊፋየሩ ከሚበላው ተርፎ የሚበቃ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተደምሮ ይታሰብ። ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሄርትዝ ሲሠራ ከልክ በላይ ሊሞቅ እንደሚችልም አትርሱ።

አምስተኛ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ይፈተሽ። ሠላሳና አርባ ዓመት የቆየ አምፕሊፋየር ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ደርቀው ሊሆን ይችላል። ስፒከር ከመገናኘቱ በፊት በስፒከር መውጫው ላይ በቴስተር የዲሲ ቮልት ይለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ደኅና ነው። ቮልቶች ካሳየ ስፒከሩን ሊያቃጥል ስለሚችል ይቅር። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጫወት፤ ሁለቱም ቻናሎች እኩል ናቸው ወይ? ያጉረመርማል ወይ? የተቃጠለ ነገር ይሸታል ወይ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዳይሆንብን።

ስድስተኛ፣ ሽቦው። ከ4 ኦም ስፒከር ጋር ቀጭን ሽቦ አይሄድም። ክፍላችን ውስጥ 5 ሜትር ርቀት አለ፤ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነው። ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 0.35 ኦም ያህል ይወስዳል። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነው ግን 0.12 ኦም ያህል ብቻ ነው። የቤት መብራት መስመር ከሚዘረጋበት ሽቦ የሚበልጥ ውድ ነገር አያስፈልግም።

ሠ) ያለ ወጪ የሚገኝ ድምፅ

ከመግዛት በፊት በነፃ የሚገኘውን እንውሰድ። ወንበሩን ከ3 ሜትር ወደ 2 ሜትር ማቅረብ ጥቂት ዴሲቤሎች ያስገኛል፤ ይህም ዋቱን ወደ እጥፍ ከማሳደግ አይተናነስም። ስፒከሩን ወደ ግድግዳው ጠጋ ማድረግ ባሱን ያወፍራል፤ እጅግ ከተጠጋ ግን ያጉረመርማል፤ እየሞከሩ ማስተካከል ነው። የባሱን ቁልፍ ደግሞ መሐል ላይ ተዉት። ባሱን በ10 ዴሲቤል ማሳደግ በዚያ ድምፅ ላይ አሥር እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሳንደብቅ እንናገረው። አምፕሊፋየሩን ትተን ስፒከሮቹን በ92 ዴሲቤል ብንለውጥ አሮጌው 20 ዋት ራሱ ይበቃናል። ከሒሳብ አንጻር ይህ የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያው መጠን ሣጥን ውስጥ ያን ያህል ጥልቅ ባስ አናገኝም፤ ሆፍማን እንዳለው ነው። ከዚህም በላይ ስጦታ ነው፤ የሰጡን ጎረቤታችንም በየእሑዱ መጥተው ይሰሙታል። ሦስታችንም ስፒከሮቹ ቢቀመጡ እንመርጣለን።

ረ) ስለ ጎረቤት

ብርቱ አምፕሊፋየር ማለት ብርቱ ባስ ማለት ነው። ባስ ደግሞ ግድግዳ አያቆመውም። ከክፍሉ አጠገብ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ጎረቤታችን ቀን ትተኛለች። እርሷ እንቅልፍ አጥታ እኛ ብናዜም ሙዚቃው ምን ይረባናል? ለጆሯችንም ቢሆን ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው የሚፈቅደው፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። አምፕሊፋየሩ የሚገዛው ድምፁ ሳይሻክር እንዲሰማ እንጂ ሰፈሩን ለማንቀጥቀጥ አይደለም።

የመፍትሔ ሐሳባችን

እንግዲህ ያየነው ይህ ነው። በመሆኑም የሚከተለውን ለስብሰባው እናቀርባለን።

1ኛ/ የክፍሉ ቁልፍ ለወጣቶቹ ይመለስ። የትዊተሩ ማሠሪያ ከማኅበሩ ይከፈል፤ ካነሰ እኛ ሦስታችን ከኪሳችን እንሞላለን፤ ያጋባነው እኛ ነንና።

2ኛ/ በ8 ኦም ያለማቋረጥ 100 ዋት ያህል፣ በ4 ኦም ከ150 ዋት ያላነሰ የሚሰጥ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ አምፕሊፋየር ይገዛ። ያገለገለ ቢሆንም ከላይ የዘረዘርነውን ፈተና ያለፈ ይሁን። ለግዢው ሲኬድ አንድ ስፒከርና ቴስተር ይዘን እንሄዳለን፤ ከወጣቶቹም ሁለት ሰው አብሮን ይምጣ።

3ኛ/ ከተገዛ በኋላ ድምፁ የሚበቃበት ቦታ በቁልፉ ላይ በቀይ ምልክት ይደረግ። ምልክቱን ከማለፍ በፊት ተረኛው ይጠየቅ።

4ኛ/ ቀን ከፍ አድርጎ የሚከፈትበት ሰዓት ከነርስ ጎረቤታችን ጋር ተነጋግረን ይወሰን።

ውሳኔው የእናንተ ነው። ገንዘቡም የእናንተ ነው። በመጨረሻም ወጣቶቹን በዚህ ስብሰባ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ድምፁ የሻከረው በእነርሱ እጅ ነበር፤ እንዲሻክር ያደረግነው ግን እኛ ነበርን። ጥያቄ ያለው ወይም የቤቱን ስፒከር ማሳየት የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በንባብ ክፍሉ ያገኘናል።